ጓሮው የማን ነው?

የአገራችን ሰው ቤት ፊትና ጀርባ አለው። ፊቱ ደጅ ይባላል፤ ጀርባው ጓሮ። ደጅ የክብርና የአቤቱታ ስፍራ ነው፤ እንግዳ የሚቀበሉበት፣ ሙግት የሚሰሙበት፣ ጉዳይ ያለበትም ሰው የሚጠናው ደጅን ነው። ጓሮ ግን የሥራና የምስጢር ስፍራ ነው። ጌሾውና ጎመኑ፣ ጤና አዳሙና ሸንኮራው የሚበቅለው፣ እንስራው የሚታጠበው፣ አመዱና ጥራጊው የሚደፋው በዚያ ነው። ስለ ደጅ ሕግ ተደንግጓል፤ ግጥም ተገጥሟል፤ ቴአትር ተሠርቷል። ስለ ጓሮ የተባለው ግን ጥቂት ነው። ይህ ጽሑፍ ከቤት ጀርባ ዞሮ አንድ ጥያቄ ለማንሣት ይሞክራል፦ ሰው አጥር አጥሮ «የእኔ ነው» ባለው መሬት ላይ፣ ሳይጠሩ የሚመጡና ሳይሰናበቱ የሚሄዱ ፍጥረታት ምን ድርሻ አላቸው? እኛስ ለእነርሱ ያለብን ግዴታ ምንድን ነው?

ጥያቄው በክረምት ጐልቶ አይታይም። ከሰኔ እስከ መስከረም በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባለው ገጠር ውሃው ከሰማይም ከምድርም ሞልቶ፣ ሣሩ ለምልሞ፣ አውሬውም አእዋፉም እንደየፍላጎታቸው ተበታትነው ይኖራሉ። በበጋ ግን ነገሩ ይለወጣል። መኸሩ ተሰብስቦ፣ የጥር ሠርግ ካለፈ በኋላ፣ በተለይም ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት፣ ማሳው ራቁቱን ይቀራል፤ ምንጩ ይቀጥናል፤ የቤቱ ቆርቆሮ ይግላል። የሰውም ኑሮ አብሮ ይለወጣል። ሥራው ወደ ማለዳና ወደ ማታ ይሸሻል፤ ቀትሩ ከዋንዛ ጥላ ሥር ያልፋል፤ እናቶች ውሃ ፍለጋ የሚሄዱበት መንገድ ይረዝማል። በዚያ ሁሉ ድርቀት መካከል ከወንዝ ዳር ቀጥሎ ለምለም ሆኖ የሚቀረው ጓሮ ነው፤ እጣቢው የሚደፋበት፣ የመስኖውም ቦይ የሚደርሰው እርሱ ነውና። ስለሆነም በጋ ሰው ወደ ጓሮው የሚጠጋበት ወቅት እንደ ሆነ ሁሉ፣ ሌሎቹም የሚጠጉበት ወቅት ነው።

የሚመጡትን ቆጥሮ መጨረስ አይቻልም። ድንቢጥና ዋኖስ ከእንስራው ሥር የሚንጠባጠበውን ውሃ ይሻማሉ። እንቁራሪት ከጋኑ ሥር ባለው እርጥበት ትሸጎጣለች። እንሽላሊት ከግድግዳው ስንጥቅ ወጥታ ዝንብ ታድናለች። ማታ ጉጉት ከባሕር ዛፉ ላይ ሆና አይጥ ትጠብቃለች፤ የሌሊት ወፍ ወደ ሾላው ፍሬ ይበራል፤ ሸለምጥማጥ የዶሮውን ቆጥ ያሸታል፤ ጃርት የድንቹን መደብ ይምሳል፤ ጅብም ከአጥሩ ውጭ የተጣለውን አጥንት ይሰበስባል። ከወንዙ ዳር ጫካ ጦጣ ወደ ሸንኮራው ይመጣል። አገር ተሻግረው የሚመጡም አሉ። ጭራዋን እያወዛወዘች ከከብት እግር ሥር የምትሮጠው ትንሽ ቢጫ ወፍና በማሳው ላይ የምትንጎራደደው ሽመላ የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው የእኛን በጋ ለመኖር የመጡ ናቸው። እኛ የምናማርረው ወቅት ለእነርሱ የመጠለያ ወቅት ነው።

ለጥያቄያችን የመጀመሪያው መልስ የባለቤትነት መልስ ነው። መሬቱን የያዝሁት እኔ ነኝ፤ አጥሩን ያጠርሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ በውስጡ የሚኖረውና የማይኖረው በእኔ ፈቃድ ይወሰናል የሚል ነው። መልሱ ግልጽ ነው፤ ግልጽነቱም ደስ ያሰኛል። ዳሩ ግን ባለቤቱ ከተቀመጠበት ጥላ ሥር ሆኖ ቀና ሊልና ዛፉን ሊጠይቅ ይገባል። በምዕራብ ጎጃም በየጓሮውና በየማሳው ከቆሙት ዋንዛዎች ብዙዎቹን የተከላቸው ሰው አይደለም። ፍሬውን የበላ ወፍ ወይም ጦጣ ዘሩን ጥሎት የበቀለ፣ ገበሬው ደግሞ ሲያርስ አይቶ ያተረፈው ነው። ሾላውም ዘር ያፈራ ዘንድ ከጤፍ ቅንጣት ብዙም የማትበልጥ ተርብ ከፍሬው ውስጥ ገብታ ልታዳቅለው ይገባል። በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ የቀሩት ጥንታውያን ደኖችም ከትውልድ ወደ ትውልድ የተሻገሩት ሰው ባለመቁረጡ ብቻ ሳይሆን ወፎች ዘር በመዝራታቸው ነው። ስለዚህ ባለቤቱ «የእኔ» የሚለው ጥላ በከፊል የሌሎች ሥራ ውጤት ነው። የይዞታ ማረጋገጫው ይህንን አይመዘግብም፤ ኅሊና ግን ሊመዘግበው ይችላል።

የባለቤትነት መልስ ሌላም ስውር ጉድለት አለው፤ ሰው ከመምጣቱ በፊት ስፍራው ባዶ ነበረ ብሎ ያስባል። እኛ የደጋና የወይና ደጋ ሰዎች ይህን ሐሳብ በአንድ ቃል እንገልጸዋለን፤ ቃሉም «በረሃ» ነው። ከቡሬ ተነሥቶ በነቀምት መንገድ ወደ ዓባይ ሸለቆ የወረደ ወይም ወደ በለስ የዘለቀ መንገደኛ «በረሃ ገባሁ» ይላል። በ1977ቱ ረኃብ ዘመን ከወሎና ከሌሎችም አካባቢዎች በአሥር ሺህዎች የሚቆጠሩ ወገኖች፣ ያን ጊዜ የጎጃም ክፍለ ሀገር አካል ወደ ነበረው መተከል፣ ወደ ፓዊ ተወስደው ሲሰፍሩ፣ ስፍራው እንደ ባዶ መሬት ታይቶ ነበር። ባዶ ግን አልነበረም። ጉሙዞች እያረሱ፣ እያደኑ፣ ማር እየቆረጡ ይኖሩበት ነበር፤ ደኑና ቀርከሃውም የራሱ ነዋሪዎች ነበሩት። ሰፋሪው በወባ፣ ከብቱ በገንዲ ሲወድቅ፣ ቆላው ባዶ እንዳልነበረ በመራራ መንገድ ተማረ። ብዙው ሰፋሪ ወዶ አልመጣም፤ ስለዚህ የዚያን ትምህርት ዋጋ የከፈሉት ውሳኔውን የወሰኑት አልነበሩም። ከዚህ የምናገኘው ቁም ነገር አጭር ነው፦ በረሃ ማለት ሰውም አውሬም የሌለበት አገር ማለት አይደለም፤ ጎረቤቶቹን ገና ያላወቅንበት አገር ማለት ነው።

ሁለተኛው መልስ የጥቅም መልስ ነው። የሚጠቅመን ይኑር፤ የሚጎዳን ይጥፋ ይላል። የዘመናችን ዕውቀት ለዚህ መልስ ብዙ ማስረጃ አቅርቦለታል። ከሁሉም የሚያስደነግጠው የሕንድ ጥንብ አንሳ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በሕንድ ጥንብ አንሶች በድንገት ያልቁ ጀመር፤ በጥቂት ዓመታትም ውስጥ ከዋነኞቹ ዝርያዎች ከመቶ 95 በላይ የሚሆነው ጠፋ። ምክንያቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ታወቀ። ዳይክሎፌናክ የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ወስዶ የሞተ ከብት ጥንቡን ለበላው አሞራ መርዝ ሆነ፤ ኩላሊቱን አበላሽቶ ገደለው። አሞራው ሲጠፋ ጥንቡ በየሜዳው ተከማቸ፤ የባዘኑ ውሾች በዙ፤ ከእነርሱም ጋር የእብድ ውሻ በሽታ ሥጋት ጨመረ። ሕንድ መድኃኒቱ ለከብት እንዳይሰጥ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ2006 ነበር። በአገራችንም በመቀሌ ከተማ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት፣ ጅቦች በዓመት ከ200 ቶን በላይ ጥንብ እንደሚያስወግዱ፣ በዚህም እንደ አባ ሰንጋ ያሉ በሽታዎች ወደ ሰውና ወደ ከብት እንዳይተላለፉ እንደሚያግዙ ገምቷል። ደመወዝ የማይጠይቅ የጽዳት ሠራተኛ በየሌሊቱ በአጥራችን ሥር ያልፋል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ የጥቅም መልስ ብቻውን አይበቃም። አንደኛ፣ ጥቅም አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቀው ባለ ጥቅሙ ከጠፋ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ለጥንብ አንሳ ጠበቃ ሆኖ የሚቆም ማን ነበር? መላጣ ራሱንና ደም የለበሰ አንገቱን አይቶ የሚመሰክርለት ከየት ይገኝ ነበር? ሁለተኛ፣ ጥቅም ብቸኛ መመዘኛ ሲሆን ከጓሮ ወጥቶ ወደ ቤት ይገባል። አቅም የከዳው ሽማግሌ፣ ከአልጋ የማይነሣው በሽተኛ፣ ፍሬው ገና ያልታወቀው ልጅ ሁሉ በዚያው ሚዛን ይቀመጣሉ። «ምን ይጠቅማል?» የሚለው ጥያቄ አጥር አያውቅም። በወፍ ላይ የለመደው አንደበት በሰው ላይ ለመድገም ብዙ አይቸገርም።

ኪነ ጥበባችንም በዚህ ጉዳይ ድርሻ አለው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ዘመናዊ ቴአትር ተብሎ የሚታወቀው የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ» በ1910ዎቹ መድረክ ላይ ሲወጣ ገጸ ባሕርያቱ አራዊት ነበሩ። ከላ ፎንቴን ተረቶች መንፈስ የተቀዳው ይህ ሥራ የዘመኑን የአስተዳደር ብልሹነት በአውሬ ጭምብል ገለጠ፤ በዚህም የተነሣ ታገደ። ጭምብሉ ለእውነት መጠለያ ሆኖ አገልግሏል። ከዚያ በፊትም ከዚያም በኋላ ተረቶቻችን ጅብን ሆዳም፣ ጦጣን ብልጥ፣ አህያን ሞኝ፣ ቁራን የማይመለስ መልእክተኛ እያደረጉ ሰውን ሲገሥጹ ኖረዋል። ይህ ታላቅ ሀብት ነው። ሀብቱ ግን ዋጋ አለው፤ ጭምብሉን አብዝተን ከመመልከታችን የተነሣ ከበስተጀርባው ያለው እንስሳ ከዓይናችን ተሰወረ።

ለአብነት ጅብን እንውሰድ። በሰሜን ኢትዮጵያ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት የጅብን ዓይነ ምድር መርምሮ ያገኘው የሚከተለውን ነው። በዐቢይ ጾም ወራት ሰው ሥጋ ስለማይበላ ከየቤቱና ከየሥጋ ቤቱ የሚጣለው አጥንትና ጥራጊ ይቀንሳል፤ ጅቡም ፊቱን ወደ አህያ ያዞራል። በጾሙ ጊዜ የተገኘው የአህያ ጠጕር ከጾሙ በፊት ከነበረው በእጥፍ ያህል በልጦ ነበር። ጾሙ ሲፈታ የአህያው ድርሻ መልሶ ይቀንሳል። እንግዲህ ተረቱ «ሆዳም» ያለው አውሬ በእኛ የቀን መቁጠሪያ የሚኖር ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ፣ እኛ ከጾሙ ጽድቅ ስንሻ እርሱ የሚያገኘው ረኃብ መሆኑ ነው። እኛ ሳናስበው በእርሱ ማዕድ ላይ ወሰንን፤ እርሱም በአህያችን ላይ ወሰነ። ውል ያልተጻፈለት ግንኙነትም ግንኙነት ከመሆን አይቀርም።

ሦስተኛው መልስ የርኅራኄ መልስ ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት የፈረንሳዩ ፈላስፋ ዴካርት እንስሳን እንደ ሰዓት መሣሪያ ባለ ጥርስና ባለ ሽክርክሪት መኪና አድርጎ ሲመለከት፣ እንግሊዛዊው ቤንታም እ.ኤ.አ. በ1789 ባሳተመው መጽሐፍ ጥያቄውን ገለበጠው፤ መጠየቅ የሚገባው እንስሳ ያስባል ወይም ይናገራል ወይ ተብሎ ሳይሆን ይሠቃያል ወይ ተብሎ መሆኑን አስገነዘበ። ሐኪሙና ፈላስፋው አልበርት ሽቫይትዘርም እ.ኤ.አ. በ1915 በጋቦን ኦጎዌ ወንዝ ላይ በጀልባ ሲጓዝ፣ በጉማሬዎች መካከል እያለፈ ሳለ፣ ሕይወት ላለው ሁሉ ክብር መስጠት የሥነ ምግባር መሠረት ነው የሚለውን ሐሳብ እንዳገኘ ተርኳል። ለጎጃም ገበሬ ይህ ሁሉ እንግዳ ነገር አይደለም። የጠመደውን በሬ በስሙ እየጠራና እያሞገሰ የሚያርስ ሰው፣ እንስሳ እንደሚሠቃይ ከፈላስፋ አይማርም።

ነገር ግን ከርኅራኄው ፊት አንዲት ልጅ ቆማለች። በበቆሎው ማሳ ዳር ካለው ማማ ላይ ወንጭፍ ይዛ ጦጣና ዝንጀሮ ትጠብቃለች። መምህሩ ስም ሲጠራ «የለችም» የምትባለው እርሷ ናት። ጦጣው የሚበላው እሸት የቤቱ ቀለብ ነው። ጅቡ የሚጥላት አህያም የውሃው፣ የማገዶውና የገበያው ማመላለሻ ናት፤ አህያዋ ስትጠፋ ጭነቱ ወደ እናቲቱ ጀርባ ይዞራል። እንግዲህ በከተማ ተቀምጦ ስለ አራዊት መብት የሚጽፍ ሁሉ፣ ይህ ጸሐፊም ጭምር፣ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ፦ የምትሰብከው ርኅራኄ ዋጋው ስንት ነው? የሚከፍለውስ ማን ነው? ሰባኪውን ምንም የማያስከፍል ርኅራኄ ከሌላ ሰው ኪስ ወጥቶ የሚሰጥ ምጽዋት ነው።

ከሦስቱም የተሻለ ሆኖ የሚታየው አራተኛ መልስ ከሩቅ የሚመጣ አይደለም፤ በየመንደሩ የሚኖር፣ ስሙም ጉርብትና የሚባል ነው። ጎረቤት ዘመድ አይደለም፤ አልተወለድነውም። እንግዳም አይደለም፤ ነገ ተሰናብቶ አይሄድም። ሎሌም አይደለም፤ ያገለግለናል ብለን አላስቀመጥነውም። ጎረቤት ማለት ከእኛ ጋር አንድ ምንጭና አንድ መንገድ የሚጋራ ማለት ነው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የሚለው ብሂል ጎረቤትን እንድንወድ አያዝዝም፤ ዕጣችን ከእርሱ ጋር የተሳሰረ መሆኑን ያስታውቃል እንጂ። ከጎረቤት ጋር እንጣላለን፤ በወሰን እንካሰሳለን፤ በሽማግሌ እንታረቃለን። ከብቱ ከማሳችን ቢገባ እናስወጣለን፤ ካሣም እንጠይቃለን። ነገር ግን ምንጩን አንመርዝበትም። ጉርብትና የሚጠይቀው ልክን ማወቅ ነው።

ይህ መልስ ወደ ጓሮ ሲተረጎም ሦስት ነገሮችን ያስከትላል። አንደኛ፣ መከላከል መብት ነው። አጥር ማጠር፣ ቆጡን ማጥበቅ፣ አህያን ሌሊት ከቤት ማሳደር፣ ጦጣን ማባረር፣ ሕይወትን የሚያሰጋውንም መግደል ኅሊናን አያስወቅስም። ልጅ የወፍ ጎጆ ሲያፈርስ እያዩ መሳቅ ግን ከመከላከል አይቆጠርም። ሁለተኛ፣ መርዝ ከጉርብትና ሕግ ውጭ ነው። ወንጭፍ ያነጣጠረበትን ይመታል፤ መርዝ ግን መለየት አያውቅም። ለባዘነ ውሻ የተጣለ የተመረዘ ሥጋ ጅቡንም ጥንብ አንሳውንም ይገድላል። ማሳው በአበባ ላይ ሳለ የተረጨ የተባይ መድኃኒት ንቡን ከመንገድ ያስቀረዋል፤ ቀፎው ባዶ የቀረበት ገበሬ ደግሞ መድኃኒቱን የረጨው ላይሆን ይችላል። ጎጃም በማሩ የታወቀ አገር እንደ መሆኑ ጉዳቱ የአንድ ሰው ጓሮ ጉዳት ሆኖ አይቀርም። ሦስተኛ፣ ውሃን እስከ መጨረሻው ጠብታ መውሰድ አይገባም።

ይህ ሦስተኛው ከጓሮ አልፎ የአገር ጉዳይ ይሆናል። ጢስ ዓባይ ከ40 ሜትር በላይ ቁልቁል ሲወረወር የሚያነሣው ጢስ የስሙ መነሻ ብቻ አይደለም፤ በዙሪያው ያለውን ዕፅ በበጋም የሚያረጥብ፣ በዕፁም ውስጥ ወፍና ጦጣ የሚያኖር ካፊያ ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ በዚያ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ተሠራ። በ1980ዎቹ መጨረሻ በጨረጨራ ከጣና የሚወጣውን ውሃ የሚቆጣጠር ግድብ ቆመ፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሁለተኛው ማመንጫ ሥራ ሲጀምር የበጋው ፏፏቴ እየቀጠነ ሄደ። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የጣና በለስ ጣቢያም ውሃውን ከሐይቁ በዋሻ ወስዶ ወደ በለስ ወንዝ ያወርደዋል። ለሕዝብ መብራት ማስፈለጉ አያከራክርም፤ በኩራዝ የምታነበውን ተማሪ ያየ ሰው ይህን አይክድም። ክርክሩ ሌላ ነው። ውሃው ሲከፋፈል የጢሱ፣ የዕፁና የወፉ ድርሻ ይህን ያህል ነው ተብሎ ተቆጥሮ ነበርን? ከምንጭ የሚቀዳ ሰው ለሚቀጥለው ያስቀራል። ግድብ ከእንስራ የሚለየው በመጠኑ ነው፤ የሁለቱም የሥነ ምግባር ሕግ አንድ ነው።

አሁን ወደ ማማዋ ልጅ እንመለስ፤ ጉርብትና የእርሷን ጥያቄ ካልመለሰ ከንቱ ስም ነውና። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። የጅቡን ጽዳት ከተማው ሁሉ ይጠቀምበታል፤ አህያዋን የሚያጣው ግን አንድ ቤት ነው። በወንዙ ዳር ጫካ አገሩ ሁሉ ይኮራል፤ ከጫካው የሚወጣውን ጦጣ የሚመግበው ግን አጠገቡ ያረሰ አንድ ገበሬ ነው። ፍትሕ የሚጎድለው እዚህ ላይ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣ የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ አለን፤ አዋጅ ብቻውን ግን ልጅቷን ከማማ አያወርዳትም። ደቦ ለአጨዳ የሚጠራ ከሆነ ለማሳ ጥበቃ ተራ የማይጠራበት ምክንያት የለም። እድር ለሞተ ሰው የሚያዋጣ ከሆነ አህያዋ ለተበላባት መበለት የማያዋጣበት ምክንያት የለም። ማዘጋጃ ቤትም የሥጋ ጥራጊውን የት፣ መቼና እንዴት እንደሚያስወግድ ሲወስን ስለ ጅብና ስለ አህያ እየወሰነ መሆኑን ሊያውቅ ይገባዋል።

«የሰው ደም በሚፈስበት ዘመን ስለ ወፍና ስለ ጅብ መናገር ቅንጦት አይደለምን?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ጠያቂውም ሊከበር ይገባል። ቢሆንም ጭካኔ እንደ ጎተራ እህል ተሰፍሮ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ በአውሬ ላይ ስለ ዋለ ለሰው የሚተርፈው አይቀንስም። በሁለቱም ስፍራ የሚጠፋው አንድ ልማድ ነው፤ ይኸውም የማይመስለንን፣ የማይጠቅመንን፣ ስለ ራሱም ሊናገር የማይችለውን በወሰኑ የመተው ልማድ ነው። ይህን ልማድ ልጅ የሚማረው በትልልቅ ጉባኤ አይደለም፤ ወላጁ ከእንስራው ሥር የምትጠጣውን ዋኖስ ሲያይ ድንጋይ ማንሣቱን ወይም አለማንሣቱን በመመልከት ነው።

ከዚህ አንፃር ለሁላችንም የሚደርስ ሥራ አለ። መምህሩ ተማሪዎቹ በትምህርት ቤቱ ግቢ የሚኖሩትን ፍጥረታት በአገር ስማቸው እንዲመዘግቡ ቢያደርግ፣ በአረጋውያን አፍ ላይ ብቻ የቀሩ ስሞች ከመጥፋት ይድናሉ። ካድሬው ስለ ምርት ዕድገት ሲናገር ምርቱን ከጦጣ ስትጠብቅ ከትምህርት የቀረችውንም ልጅ ከሒሳቡ ቢያስገባ ዘገባው እውነተኛ ይሆናል። ገጣሚውና ጸሐፌ ተውኔቱም ጅብን ለሆዳም ሹም ጭምብል ማድረጉን ሳይተው፣ አንዳንድ ጊዜ ጭምብሉን አውልቆ ራሱን ጅቡን፣ በጾም ወራት ሌሊት የሚራበውን ጎረቤት፣ ቢያሳየን መልካም ነው።

እንግዲህ ጓሮው የማን ነው? በወረቀቱ ላይ የአንድ ቤተሰብ ስም ይጻፋል፤ መጻፉም ተገቢ ነው፤ ያለ ይዞታ እርሻም ኃላፊነትም አይኖርምና። ይሁን እንጂ ዋንዛውን የዘራው ወፍ፣ አይጡን የለቀመችው ጉጉት፣ ጥንቡን ያነሣው ጅብ በዚያ ወረቀት ላይ ስም የላቸውም፤ ወደፊትም አይኖራቸውም። የእነርሱ ድርሻ የሚጠበቀው በባለቤቱ ልክ ማወቅ ብቻ ነው። ባለቤትነት ክብር የሚያገኘውም ሁሉን ለመውሰድ ኃይል እያለው በሚያስቀረው ነገር ነው።